የቦክሲንግ ዴይ ቅናሽ፦ ሌሊት ተነስቶ መሰለፍ ያዋጣል ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝ የምትኖሩ ወገኖች ዲሴምበር ሲገባ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ቀኑና ዓመቱ ግን በፈረንጆቹ ነው።

ቦክሲንግ ዴይ የሚባለው የትኛው ቀን ነው? ቅናሹስ ለምን ያን ቀን ሆነ?

የፈረንጆች ገና ማግስት ነው፤ ዲሴምበር 26። የሕዝብ በዓል ስለሆነ አብዛኛው መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ገና ዕለት፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሱቅ እንዳይከፍት በ2004 የወጣ ሕግ ይከለክላል። እንግዲህ አስቡት። አገሩ በሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ሲበላ ውሏል። በስጦታ ያገኘው የሱቅ ካርድ ኪሱ ውስጥ አለ። በማግስቱ በር ሲከፈት መውጣቱ አይቀርም።

በሱቁ በኩል ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ኮቱ፣ ሹራቡና ቡቱ የመጣው ለብርዱ ወራት ነው። አዲሱ ዓመት ከገባ ብዙም ሳይቆይ የጸደይ ልብስ መግባት ይጀምራል፤ ያኔ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ሱቁ የሚያራግፈው ለራሱ ብሎ ነው።

ባጭሩ ንገረኝ፤ መሰለፍ ያዋጣል?

ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም። በሩ ሲከፈት የገባውም፣ ምሳውን በልቶ የመጣውም የሚከፍሉት አንድ ዋጋ ነው። ቀድሞ የገባው የሚበልጠው በሳይዝ ነው። የሚፈልገው ኮት በልኩ ተሰቅሎ ያገኘዋል። ዘግይቶ የመጣው የሚደርሰው ወይ ለልጅ የሚሆን ወይ ሁለት ሰው የሚያስገባ ነው።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። የምትፈልጉት ዕቃ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ታውቃላችሁ? አስቀድማችሁ ሱቅ ገብታችሁ ለክታችሁታል? ልካችሁ ቶሎ የሚያልቅ ነው? ለሁሉም «አዎ» ካላችሁ ሂዱ ተሰለፉ። «ሄጄ የተገኘውን አያለሁ» የሚል ሰው ግን እንቅልፉን ይተኛ። የተገኘውን ለማየት ከሰዓትም ይደርሳል።

በስንት ሰዓት ልድረስ?

መጀመሪያ ሱቁ መክፈቱን አረጋግጡ። ይሄን ምክር ሰው ይንቀዋል፤ ግን የተዘጋ በር ፊት ለፊት በብርድ የሚቆም አይጠፋም። ጆን ሉዊስ፣ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰርና አልዲ በቅርብ ዓመታት ቦክሲንግ ዴይ ላይ ዘግተው ሠራተኞቻቸውን ሲያሳርፉ ቆይተዋል። የልብስ ሱቁ ኔክስት ለረጅም ጊዜ በዚያ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በመክፈትና በረጅም ሰልፉ ይታወቅ ነበር። ከኮቪድ ወዲህ ግን 26 ላይ ዘግቶ በማግስቱ የጀመረባቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ «አምና እንዲህ ነበር» የሚል ወሬ ይዛችሁ እንዳትነሱ። የምትሄዱበትን ቅርንጫፍ ሰዓት ከሱቁ ድረ ገጽ ላይ እዩ።

ቀኑ እሑድ ሲውል ደግሞ ነገሩ ይለያል። በእንግሊዝና በዌልስ ትልልቅ ሱቆች እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው መሸጥ የሚችሉት። በ2021 እንዲህ ነበር፤ በ2027ም እሑድ ይውላል።

ሰው የሚበዛበት ሱቅ ከሆነ በሩ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መድረስ አይከፋም። ለንደን ውስጥ በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ስለሆነ ጨለማ ውስጥ እንደምትቆሙ ግን እወቁት።

በምን ልሂድ? ባቡር አለ?

ከጥቂት መስመሮች በቀር ከከተማ ከተማ የሚሄደው ባቡር ያን ቀን አይሠራም። ለንደን ውስጥ አንደርግራውንዱም አውቶቡሱም አለ፤ ግን እንደ ሥራ ቀን አይመላለስም። አንደርግራውንዱም ዘግይቶ ስለሚጀምር ለንጋት ሰልፍ አያደርሳችሁም። ታክሲ ከያዛችሁ ደግሞ ከቅናሹ ላይ አንዱን ክፍል ለሾፌሩ ሰጣችሁ ማለት ነው።

መኪና ያለው ይሻለዋል። ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 1 መሐል ለንደን ሲገቡ የሚከፈለው ኮንጀስሽን ቻርጅ የለም። ዩሌዝ የሚባለው፣ አየር የሚበክል መኪና የሚከፍለው፣ ግን የሚያርፈው ገና ዕለት ብቻ ነው። ደረጃውን የማያሟላ አሮጌ መኪና ይዞ በ26 የወጣ ሰው 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። ይሄን የማያውቅ ብዙ አበሻ አለ፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል።

ምን ይዤ ልሰለፍ?

ወፍራም ካልሲ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ቀኑ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ጿሚ የሆናችሁ ምግባችሁን ከቤት ያዙ፤ በዚያ ሰዓት ተከፍቶ የሚገኘው ቤት የሚሸጠው ቋሊማና ቤከን ነው። ሽንት ቤት ገብታችሁ ውጡ። ሕፃን ልጅ ይዞ መሰለፍን አልመክርም፤ ልጁም እናንተም ኋላችሁ ያለውም ሰው ትሰቃያላችሁ።

ለጓደኛዬ ቦታ ልያዝለት?

አትያዙለት። አገር ቤት ጀሪካን ወይም ድንጋይ አስቀምጦ ዞር ማለት ያለ ነው። ኋላ ያለውም «ሰው አለው» ብሎ ይመሰክርላችኋል። እዚህ ግን ይሄ አይሠራም። እንግሊዛዊ ሰልፍ ሲጣስበት አይጮህም፤ ጉሮሮውን ያጸዳል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይተያያል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ይላል። ያቺን ዝቅ ያለች ድምፅ አትናቋት። ቀጥላ የምትመጣው ጥበቃው ጋ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ ጓደኛችሁን ወደ ሰልፉ ጭራ ከመስደድ ወደኋላ አይልም። አንዳንድ ሱቅ ቁጥር ወይም የእጅ ማሰሪያ ስለሚያድል ከነጭራሹ መከራከሪያም የላችሁም።

ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ይቻላል። ኋላችሁ ላለው ሰው በትሕትና ንገሩትና ሂዱ፤ እምቢ የሚል የለም።

ጓደኛችሁ የሚጠቅማችሁ ውስጥ ስትገቡ ነው። በር ላይ ያለውን ሰልፍ ሁሉም ያስበዋል፤ ካሸር ጋ ያለውን የሚያስበው የለም። አንዳንዴ ውስጥ ያለው ይብሳል። አንዳችሁ እንደገባችሁ የካሸሩን ሰልፍ ያዙ፣ ሌላኛው ዕቃ ይሰብስብ። ይሄኛውን ማንም አይቆጣም፣ ዕቃው ተራችሁ ሳይደርስ እስከመጣ ድረስ።

ኦንላይን እያለ ለምን እሰለፋለሁ?

እኔም የምለው እሱን ነው። ብዙ ሱቆች ኦንላይን ቅናሻቸውን የሚጀምሩት በገና ዋዜማ ወይም በገና ዕለት ነው፤ ከዚያም የሚቀድሙ አሉ። እናንተ ጨለማ ውስጥ ቆማችሁ እግራችሁን ስታማቱ፣ ሌላው አልጋው ላይ ሆኖ ያንኑ ጫማ ገዝቶ ተኝቷል። ኔክስት ጭራሽ ለመረጣቸው ደንበኞች ቀድመው የሚገቡበት ሰዓት ይሰጣል።

ኦንላይን ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሕጉ። ከሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁትን «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብሎ የመመለስ መብት በሕግ የላችሁም፤ የሱቁ ደግነት ነው። ኦንላይን የተገዛ ዕቃ ግን ከተረከባችሁት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መሰረዝ ትችላላችሁ። በቅናሽ መገዛቱ ይሄን መብት አያስቀርም። በልክ የተሠራ ወይም ስም የተጻፈበት ዕቃ ግን አይመለስም።

ታዲያ ሱቅ መሄድ የሚሻለው መቼ ነው? ለክታችሁ ካልሆነ የማትገዙት ነገር ሲሆን። ቡት፣ ሱፍ ልብስ፣ ወፍራም ኮት። ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ለመግዛት የሚሰለፍ ሰው ግን ሁሌም ይገርመኛል። ተሸክሞት አይሄድ!

ከብላክ ፍራይደይ የቱ ይሻላል?

ብላክ ፍራይደይ ከአሜሪካ የመጣ የኖቬምበር ቅናሽ ነው። አማዞን በ2010 ወደ እንግሊዝ አስገባው፣ አስዳ የተባለው ሱፐርማርኬት በ2013 ተከተለ። በ2014 ሰው ለቴሌቪዥን ሱፐርማርኬት ውስጥ ተናነቀና ፖሊስ ተጠራ። ከዚያ በኋላ ብዙው ሽያጭ ወደ ኦንላይን ሄደ፤ የቦክሲንግ ዴይ ሰልፍም የሳሳው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ኖቬምበር ላይ ገንዘቡን ይጨርሳል።

በእኔ ግምት ለኤሌክትሮኒክስ ኖቬምበርን ማየት፣ ለልብስና ለጫማ እስከ ዲሴምበር 26 መቆየት ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮት በኖቬምበር ገና ገበያው ደርቶለታል፤ ሱቁ የሚቸኩልበት ነገር የለም። ከገና በኋላ ግን የሚያልፍበት ዕቃ ይሆናል።

ቅናሹ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የዋጋ ወረቀቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ቀይ ተለጣፊ በቀይ ተለጣፊ ላይ ተደርቦ ታገኙታላችሁ። ጠርዙን በጥፍራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ብታነሱት ታሪኩን ይነግራችኋል፤ 50፣ ከሥሩ 65፣ ከዚያ 80። እንዲህ እየተንከባለለ የወረደ ዋጋ ደስ ይላል፤ ዕቃው እውነትም ሱቁ ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው። ንጹሕ ካርድ ላይ «120 ነበር፣ አሁን 60» ተብሎ አንድ ላይ የታተመ ከሆነ ግን ቆም በሉ። መቼ ነው 120 የነበረው? የት ሱቅ? ለሴል (ለቅናሽ ሽያጩ) ተብሎ ብቻ የሚመጣ ዕቃም አለ፤ በሌላው ጊዜ በዚያ ሱቅ ተሰቅሎ አታዩትም። ጨርቁን ዳብሱት፣ ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩት።

«አምራቹ የመከረው ዋጋ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ማንም በዚያ ዋጋ ገዝቶት ላያውቅ ይችላል። ሸማቹን የሚያሳስት ዋጋ መለጠፍ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ግን ሕጉ ከጎናችሁ ቆሞ አይሸምትም። ዊች የተባለው የሸማቾች ድርጅት የብላክ ፍራይደይን ዋጋዎች እየተከታተለ ብዙዎቹ በሌላ ጊዜ በዚያው ዋጋ ወይም ረክሰው እንደሚገኙ ደጋግሞ አሳይቷል። የዋጋ ታሪክ የሚያሳዩ ነጻ ድረ ገጾች አሉ፤ ለአማዞን ካሜልካሜልካሜል፣ ለሌሎች ሱቆች ፕራይስስፓይ። የዕቃውን ስም አስገቡና ባለፉት ወራት ስንት እንደነበር እዩ። ደቂቃ አይፈጅም።

ጃንዋሪ ድረስ ብጠብቅ ይበልጥ አይረክስም?

ይረክሳል። መጀመሪያ ግማሽ ዋጋ የነበረ ልብስ ሳይሸጥ ከቆየ ጃንዋሪ ላይ እንደገና ይወርዳል። ችግሩ የሚቀረው ምን እንደሆነ ነው። ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ የጫማ መደርደሪያ ጋ ብትሄዱ የሴት 3 ቁጥርና የወንድ 12 ቁጥር እየተያዩ ታገኟቸዋላችሁ። እግራችሁ ትንሽ ወይም በጣም ትልቅ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ የእናንተ ሰልፍ ጃንዋሪ ላይ ነው፣ ያውም ተሰላፊ የሌለበት። መካከለኛ ልክ ያላችሁ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ግዙ።

አንሶላ፣ ፎጣና ድስት ደግሞ ሳይዝ የሚያስጨንቀው ነገር ስላልሆነ ጃንዋሪን መጠበቅ ይችላል።

ለእኛ ገና የሚሆን ነገር ልግዛበት?

እዚህ ላይ እኛ አበሾች የተለየ ዕድል አለን፤ ብዙም ስንጠቀምበት አላይም። የእኛ ገና የሚውለው ጃንዋሪ 7 ነው። ከቦክሲንግ ዴይ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን አለ። ለፈረንጁ ያለፈበት ነገር ሁሉ ለእኛ ገና ትኩስ ነው። የመጠቅለያ ወረቀት፣ የዛፍ መብራት፣ ጌጣጌጥ፣ ሻማ፣ በገና ሳጥን የታሸገ ሽቶና ሳሙና፤ ይሄ ሁሉ ብዙ ቦታ በ26 ጠዋት ግማሽ ዋጋ ይገባል። ለዚህ ደግሞ ማንም አይሰለፍም። ከሰዓት ሄዳችሁ ዘንቢላችሁን ሞልታችሁ መምጣት ትችላላችሁ።

የልጆች መጫወቻም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው በቴሌቪዥን የተወራለት ብቻ ነው። ልጆቻችሁ «የክፍል ጓደኞቼ ስጦታ ተሰጣቸው፣ እኔስ?» ብለው ሲነጫነጩ አሥራ ሁለቱን ቀን እንዴት እንደምታሳልፉት ግን እኔን አትጠይቁኝ።

አገር ቤት ለምልከው ዕቃ ሴሉ ይመቻል?

ይመቻል፤ ሦስት ነገር ከተጠነቀቃችሁ። አንደኛ የጫማ ቁጥር። አገር ቤት የሚነገራችሁ 38፣ 42 እያለ ነው፤ እዚህ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የእንግሊዙ ነው። የወንድ 8 ቁጥር ወደ 42 ገደማ ነው። ምላሱ ላይ ሁለቱም ይጻፋል፤ እሱን አንብቡ። ከተቻለ ሰውየው እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ይከልልና በቴሌግራም ሴንቲ ሜትሩን ይላክ።

ሁለተኛ መሰኪያ። ኤሌክትሪኩ ራሱ ይስማማል፤ ባለ ሦስት ወፍራም ጥርሱ የእንግሊዝ መሰኪያ ግን አገር ቤት ግድግዳ ላይ አይገባም። አዳፕተር ጨምሩበት።

ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ስፌቱ ቢተረተር ወይም ባይበራ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከፍታችሁ ሞክሩት። በሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ርካሽ ቡት ከውድ ሸሚዝ የበለጠ ቦታ ይበላል።

ከኢትዮጵያ ወይም ከዱባይ የመጣ እንግዳ አለብኝ። ቫቱ ኤርፖርት ላይ ይመለስለታል?

አይመለስም። ድሮ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ለቱሪስት የሚመለሰው ቫት ቀርቷል፤ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ብቻ አለ። ፎርም ሞልቶ ኤርፖርት መሰለፍ የሚባለውን ምክር የሚሰጥ ሰው የቆየ መረጃ ይዟል። ሱቁ ራሱ ዕቃውን በቀጥታ ወደ ውጭ አገር ከላከው ቫቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ግን ማጓጓዣውና አገር ቤት የሚጠብቀው ቀረጥ ሲደመር ብዙ ጊዜ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

በ23 በሙሉ ዋጋ ገዛሁ፣ በ26 ግማሽ ሆነ። ልዩነቱን መጠየቅ እችላለሁ?

መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ሱቁ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ነገር ግን ዕቃው ካልተነካና ሱቁ ተመላሽ የሚቀበል ከሆነ መልሱና በአዲሱ ዋጋ ግዙት። ኦንላይን ከሆነማ የ14 ቀን መብታችሁ አለ። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ፤ መጀመሪያ በቅናሽ ያለውን ግዙ፣ ከዚያ የድሮውን መልሱ። አለዚያ መልሳችሁ ዞር ስትሉ ሳይዙ አልቆ ጉድ ትሆናላችሁ።

በስጦታ ያገኛችሁትን ለመመለስ ካሰባችሁ ደግሞ ደረሰኝ ፈልጉ። ያለ ደረሰኝ የሄደ ሰው ሱቁ ከተቀበለው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የዕለቱን ዋጋ ነው። የ40 ፓውንድ ሹራብ በ20 ይታሰብላችኋል።

«የቅናሽ ዕቃ አይመለስም» የሚል ለጥፈዋል። የተበላሸ ቢሆንስ?

ጽሑፉ የሚሠራው ሐሳቡን ለቀየረ ሰው ነው። ለተበላሸ ዕቃ አይሠራም። በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት ዕቃው ጉድለት ካለበት በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን መቀበል ትችላላችሁ፤ በግማሽ ዋጋ ገዝታችሁትም ቢሆን። ልዩነቱ ሱቁ ጉድለቱን ቀድሞ ካሳያችሁ ነው። «ዚፑ አይሠራም» ተብሎ ተጽፎበት የገዛችሁትን ጃኬት በዚፑ ምክንያት መመለስ አይቻልም።

ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30 ሺህ የሚያወጣ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ከገዛችሁ ሱቁ ቢከስር እንኳ ባንኩን መጠየቅ ትችላላችሁ። ይሄ በዴቢት ካርድ የለም።

ያን ቀን ሥራ ብገባ አይሻለኝም?

ሒሳቡን እንሥራው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12 ፓውንድ ከ21 ነበር። ከቤት ወጥታችሁ፣ ተሰልፋችሁ፣ ገዝታችሁ እስክትመለሱ አራት ሰዓት ቢፈጅ ታክስ ሳይነሳለት ወደ 49 ፓውንድ ነው። በበዓል ቀን ድርብ ክፈሉ የሚል ሕግ የለም፤ ግን በኬር ሆምና በጽዳት ሥራ ጨምሮ የሚከፍል አሠሪ አለ። ኮንትራታችሁን እዩ። ኡበር የምትነዱ ደግሞ ያን ቀን ባቡር ስለሌለ ሰው እንደሚፈልጋችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ከሰልፉ የምታተርፉት 30 ፓውንድ ከሆነና ሥራ ካለ፣ ሥራ ግቡ። ከ150 ፓውንድ ኮት ላይ 75 የሚቀንስ ከሆነና ልካችሁን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ሰልፉ ይበልጣል። ሥራም የለኝ፣ እንቅልፍም አይወስደኝ የምትሉ ደግሞ ሂዱ፤ ካርዱን ግን ቤት ትታችሁ የቆረጣችሁትን ያህል ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ሱቅ ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።